መጥረቢያ፣ መጋዝ ወይስ ቼንሶ? ለጣና ዳር ዛፎች የቱ ይሻላል

ባለፈው መጋቢት ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ያለ አንድ ግራቪሊያ ሊቆርጥ ብሎ ቼንሶ፣ ማለትም በሞተር የሚሠራ ባለ ሰንሰለት መጋዝ፣ ገዛ። ግራቪሊያው የሰው ጭን ቢያክል ነው። ማሽኑ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። የመጀመሪያ ቀን ቅርንጫፎቹን አወረደለት። በሁለተኛው ቀን ግንዱ መሀል ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፣ ጮኸ፣ ቀጥ አለ። የማስነሻ ገመዱን ብንስበው፣ ብንስበው ንቅንቅ አላለም። ለካ ሻጩ «ቤንዚን ሞልተህ ማስነሳት ነው» ብሎታል። ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት እንደሚቀላቀል የነገረው ሰው የለም። ፒስተኑ ነክሶ ቀረ። ግራቪሊያውን የጨረስነው እኔ ከቤት ባመጣሁት የእጅ መጋዝ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም።

የሰው ገንዘብ እንዲህ ሲባክን ማየት ያንገበግባል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዛፍ የማይነካ ቤት ጥቂት ነው። ከተማ ያለው ግቢው ውስጥ ማንጎና አቮካዶ አለው። ዘጌ ያለው ቡናና የቡና ጥላ አለው። ወደ ይባብና ወደ መራዊ ወጣ ያለው ባሕር ዛፍ ተክሏል። ሁሉም መቁረጫ ይፈልጋል፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መቁረጫ አይፈልግም።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ለራሳችሁ መልሱ። የምቆርጠው እንጨት ምን ያህል ይወፍራል? በዓመት ስንት ቀን እቆርጣለሁ? ሲደነዝዝ ማን ይስልልኛል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰው ሁሉ ያስባል። ሦስተኛውን ግን የሚያስብ አላየሁም። የደነዘዘ ውድ ዕቃ ከተሳለ ርካሽ ዕቃ ያነሰ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከደነዘዘው ነው፤ ሰው ጉልበት የሚጨምረው ስለቱ እምቢ ሲለው ነውና።

መጥረቢያ፦ ለመፍለጥ እንጂ ለመጣል አይደለም

የእኛ አገር ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት መጥረቢያ ጥሩ ብረት ነው። ችግሩ የጋለውን ብረት ውሃ አጠጣጡ ላይ ነው። አንዱ ይላላል፣ አንዱ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ክተቱ። የስለቱን ጫፍ በሞረዱ ነካ አድርጉት። ሞረዱ ጥልቅ አድርጎ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይታጠፋል። ሞረዱ ጭራሽ ሳይነካው ከተንሸራተተ ደግሞ ከልክ በላይ ጠንክሯል፣ አንድ ቀን ቋጠሮ ሲመታ ጥርሱ ይረግፋል። በትንሹ፣ እያንገራገረ የሚነካውን ውሰዱ።

ዛቢያውንም እዩት። ወይራ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን የደረቀ ይሁን። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁመቱን ተከትሎ መሄድ አለበት። መስመሩ መሀል ላይ አግድም ከወጣ እዚያው ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ ብረቱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ዛቢያው ሲላላ ውሃ ውስጥ መንከር የሁላችንም ልማድ ነው። ለአንድ ቀን ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ይላላል። አዲስ ሽብልቅ ምቱበት፣ አለቀ።

መጥረቢያ የሚሻልበት ቦታ ፍልጥ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ እርጥብ እያለ ፍለጡት። ከደረቀ በኋላ ድንጋይ ነው።

ለመጣል ግን አልመክርም። በተለይ ባሕር ዛፉ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከፈለጋችሁ። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከጉቶው ልጥ ሥር ነው። የደነዘዘ መጥረቢያ ልጡን ከእንጨቱ ይገነጥለዋል፣ ጉቶውም ይደርቃል። በመጋዝ ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ቁረጡት። ቀንበጦቹ ሲወጡም ሁሉንም አትተዉ፤ ሁለት ሦስት ጠንካሮቹን አስቀርታችሁ ሌላውን አንሱ።

ገጀራ ለወፍ ቆሎና ለቁጥቋጦ ነው። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ በገጀራ አይገረዝም። ቀጥቅጦ ነው የሚቆርጠው፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

የእጅ መጋዝ፦ ብዙዎቻችሁ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚንቀው ይህን ነው።

ዘጌ፣ ኡራ አካባቢ አንድ አባት የቡና ጥላ ሊያሳሱ የወፈረ ቅርንጫፍ ላይ ሲታገሉ ደረስኩ። የያዙት የአናጢ መጋዝ ነበር። ሁለት ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ይያዛል። ያወጡታል፣ ጥርሱ መሀል የገባውን እርጥብ ሰጋቱራ በጥፍራቸው ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። የእኔን የቀስት መጋዝ ሰጠኋቸው። ብረቱ እንደ ቀስት የታጠፈ፣ ምላጩ ጫፍና ጫፉ ላይ የተወጠረ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ እንደሳቡት ከእንጨቱ የወጣው ዱቄት አልነበረም፤ ረዘም ረዘም ያለ፣ እንደ ተቆራረጠ ክር ያለ ነገር ነው። አባት ዘግነው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ ይበላል እንጂ አይፍቅም» አሉኝ።

ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው። የቀስት መጋዝ ምላጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጥርሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሦስት ማዕዘን ናቸው። ይህ ለደረቅ እንጨት ነው። ሌላው በየአራት አምስት ጥርሱ መሀል ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አጠር ያለ ጥርስ አለው። ያ አጭር ጥርስ ሌሎቹ የቆረጡትን እየጠረገ ያወጣል። ይህ ለእርጥብ እንጨት ነው። ያልደረቀ የቆመ ዛፍ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ስለዚህ ለዛፍ ሥራ የምትገዙት ባለ መጥረጊያ ጥርሱን ነው። ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ ራሳችሁ ምላጩን አውጥታችሁ እዩ።

መጠኑ በምላጩ ርዝመት ይለካል፦ 53፣ 61 እና 76 ሴንቲ ሜትር የተለመዱት ናቸው። ምላጩ ቢያንስ የእንጨቱን ውፍረት እጥፍ መሆን አለበት፣ አለዚያ መሳቢያ ቦታ ታጣላችሁ። ለግቢ ዛፍና ለአጣና 61 በቂ ነው። ወፈር ያለ ባሕር ዛፍ ለምትጥሉ 76 ውሰዱ፣ ከተቻለ ሁለት ሰው እየተቀባበለ ይሳበው።

ሲገዙ ምላጩን በጣት መታ ማድረግ ነው። በደንብ ከተወጠረ እንደ ክራር ክር ይጮሃል። ከላላ ቁርጡ ይጣመማል፣ መጋዙም መሀል ላይ ይነከሳል። የምላጩ ጥርስ ጫፍ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ደግሞ በእሳት የጠነከረ ነው። ይህ ለረጅም ጊዜ አይደነዝዝም፤ ሲደነዝዝ ግን ሞረድ አይበላውም፣ ምላጩን መቀየር ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «መለዋወጫ ምላጭ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለው ሁለት ሦስት ምላጭ አብራችሁ እስክታገኙ አትግዙ።

ለማንጎ፣ ለአቮካዶና ለቡና ሌላ መጋዝ አለ፦ ጎበጥ ያለ፣ አንዳንዱ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ የመግረዣ መጋዝ። የሚቆርጠው ሲሳብ ብቻ ነው፣ ሲገፋ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ይገፋዋል፣ ምላጩ ይታጠፋል፣ «ቻይና ነው» ብሎ ይጥለዋል። ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ስትመልሱት አትጫኑት። የቡና ጉንደላ (ያረጀውን ቡና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ መቁረጥ) የምትሠሩ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ በበጋው፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ዘንበል አድርጎ አንድ ንጹሕ ቁርጥ ነው። ከጣት ለማይበልጥ ቅርንጫፍ መቀስ ይበቃል፤ ሁለቱ ምላጮቹ እንደ ልብስ መቀስ የሚተላለፉትን ምረጡ። አንዱ ምላጭ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፈው እርጥቡን ይጨፈልቀዋል።

አቮካዶ ተሰባሪ ነው። ወፍራም ቅርንጫፉን ከላይ ብቻ ከቆረጣችሁት በራሱ ክብደት ይወርድና የግንዱን ልጥ እስከ ታች ገንጥሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ ከሥሩ አንድ ሦስተኛውን ቁረጡ። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ቁረጡ፣ ይወድቃል። የቀረውን ቁራጭ በመጨረሻ ከግንዱ ጋር ከሚያያይዘው እብጠት ውጪ ቁረጡት። እብጠቱን አትንኩት፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእሱ ነው። የማንጎ ወተት ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያቃጥል እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ።

ማታ መጋዙን በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት። ሙጫውንም ያነሳል፣ ዝገቱንም ይከላከላል። ሐይቅ ዳር ብረት ቶሎ እንደሚዝግ ለእናንተ አልነግርም።

ቼንሶ፦ መቼ ያዋጣል?

ባሕር ዛፍ በብዛት ለምትቆርጡ፣ ጣውላ ለምታወጡ፣ ወይም ሥራችሁ ይህ ለሆነ ያዋጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ግን አያዋጣም። ማሽን ይዞ የሚመጣ ቆራጭ በቀን ወይም በዛፍ ተዋውሎ ይሠራላችኋል። ስትዋዋሉ ግን እዩት። ጫማ አድርጓል ወይስ ነጠላ ጫማ ነው? ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰንሰለቱን ይስላል? ዛፉ በሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ አፍ (እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ የሚወጣ ክፍተት) ይከፍታል ወይስ ከአንድ ጎን ዝም ብሎ ይገባል? ዝም ብሎ የሚገባውን አመስግናችሁ ሸኙት። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ያለ አፍ ሲቆረጥ ግንዱ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ሊወረወር ይችላል።

ልግዛ ካላችሁ፣ ለግቢና ለቅርንጫፍ ከ30 እስከ 40 ሲሲ ሞተር ይበቃል። ለባሕር ዛፍ ከ45 እስከ 60 ሲሲ፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ደግሞ 16 ወይም 18 ኢንች። ትልቅ ግንድ በቁመቱ ሰንጥቆ ጣውላ ለማውጣት ከ70 ሲሲ በላይ ያስፈልጋል። ረጅም ባር የሚያኮራ ይመስላል፤ ትንሽ ሞተር ላይ ረጅም ባር ማድረግ ግን ሞተሩን ማቃጠል ነው። የስቲልና የሁስክቫርና ኩባንያ ማሽኖች መለዋወጫቸው ይገኛል፣ የሚጠግናቸውም አለ። ስማቸውን አስመስሎ የተሠራም አለና ዋጋው ከልክ በላይ ከረከሰ ተጠራጠሩ። ርካሾቹ ባለ 52 ወይም 58 ሲሲ ማሽኖችም ቢሆኑ ቅልቅሉን ካወቃችሁላቸው የተወሰነ ዘመን ያገለግላሉ። ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ግን እንዳለ አትጠብቁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። አየር ሲያንሰው ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ካርቡራተሩን የሚያውቅ መካኒክ ያስተካክልላችሁ። በራሳችሁ ቤንዚኑን አብዝታችሁ ከቀነሳችሁ ሞተሩ ይግልና እንደ ጎረቤቴ ማሽን ነክሶ ይቀራል።

ቅልቅሉ ይህ ነው። ጥሩ የባለ ሁለት ምት ዘይት ከሆነና መመሪያው 50 ለ 1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለ5 ሊትር 100። መመሪያው 25 ለ 1 ካለ እጥፍ፣ ማለትም ለ1 ሊትር 40። በአይን ግምት አይሆንም። ፋርማሲ ሄዳችሁ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፣ ከማሽኑ ጋር እሰሩት። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። ቤንዚን በጄሪካን ለማግኘት ያለውን ጣጣም አስቡበት፤ ማሽኑን ገዝቶ ቤንዚን አጥቶ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ዘይት ሌላ ነው፣ ሌላ ታንከርም አለው። ብዙ ሰው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ይጨምርበታል። እባካችሁ ተዉት። የብረት ብናኝ ስላለበት ባሩንና ፓምፑን ይበላል። ከዚያም በላይ ያ ዘይት ሁሉ የሚረጨው መሬት ላይ ነው፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይዞት የሚገባው ጣና ነው። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ማሽኑን አስነስታችሁ የባሩን ጫፍ ነጣ ያለ ጉቶ ፊት ለፊት፣ ሳይነካው፣ ያዙት። ጉቶው ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ካልታየ አትቁረጡ።

ስለቱን ሰጋቱራው ይነግራችኋል። ቅርፍት ቅርፍት ያለ ከሆነ ሰንሰለቱ ደህና ነው። ዱቄት ከሆነ ደንዝዟል። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር በክብ ሞረድ ነካ ነካ አድርጉት፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ እኩል ቁጥር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ለትናንሾቹ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኞቹ 4.8 ሚሊ ሜትር ሞረድ ነው። አንዱን ጎን አብዝታችሁ ከሳላችሁ ማሽኑ ወደዚያው እየተጠመዘዘ ይቆርጣል። ሞረዱን ከማሽኑ ጋር በአንድ ቀን ግዙ።

የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ ማሽኑ ወደ ፊታችሁ ወይም ወደ አንገታችሁ ይዘላል። ይህን ማንም ሳይነግራችሁ አትያዙት። ሰንሰለቱ በሙሉ ጋዝ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል፣ እጅ ለመሰብሰብ ጊዜ የለም። ከፊት ያለው የፍሬን መያዣ የማይሠራ ማሽን አትግዙ፤ ሱቁ ውስጥ ፈትኑት። ሁለት እጅ፣ ከትከሻ በታች፣ ጠንካራ ጫማ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ። መሰላል ላይ ቼንሶ ይዞ መውጣት ክልክል ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ከፍ ላለው ቅርንጫፍ ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ መጋዝ ይዛችሁ መሬት ላይ ቁሙ።

በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ብቻ፣ መብራት ካለ ብቻ ይጠቅማል። በባትሪ የሚሠሩት ትናንሽ ማሽኖች ለግራቪሊያና ለአቮካዶ ቅርንጫፍ ደስ ይላሉ፣ ጎረቤት አይረብሹም። ባትሪው ሁለት ይሁን። አንድ እጅ ላይ ስለሚያዙ ሌላው እጅ ቅርንጫፉን መያዝ ያምረዋል፤ የሚቆረጠውም ያ እጅ ነው።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ከተማ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ዛፍ ላለው የመግረዣ መጋዝና መቀስ። ከዚያ የወፈረ ከመጣ የቀስት መጋዝ። ጎረቤቴ አሁን ባለ 61ዱን ይዟል፣ ቼንሶውንም ለመለዋወጫ ሸጦታል። ዘጌ ቡና ላላችሁ የመግረዣ መጋዝ ሁለት፣ አንድ ጥሩ መጥረቢያ። ባሕር ዛፍ ላላችሁ፣ አጣናውን በ61ዱ፣ ወፈር ያለውን በ76ቱ ቁረጡ፣ በጣም የወፈረውን በተከራየ ማሽን። ሦስት አራት ጎረቤት ተባብሮ አንድ ደህና ቼንሶ ቢገዛ ከአራት ርካሽ ማሽን ይሻላል፤ ግን የሚይዘውና የሚስለው አንድ ሰው ይሁን።

ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዋርካ የመሳሰሉትን የአገር በቀል ዛፎች ከመንካታችሁ በፊት ቀበሌውንና ግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። የደብር ከሆነ አስተዳዳሪውን። ከቆረጡ በኋላ መጠየቅ አይሠራም።

ዛፍ የምትጥሉት ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ያዘመመውን ዛፍ ወዳልታሰበው ይመልሰዋል። ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቀት ውስጥ ልጅም ከብትም አይኑር። ገመድ ካሠራችሁ ናይለን ይሁን፤ ያረጀ የቃጫ ገመድ ውስጡ ሲበሰብስ ከላይ አያስታውቅም።

ዕቃችሁን ይዛችሁ በጀልባም ሆነ በታንኳ ስትሻገሩ ስለቱን ሸፍኑት። እኔ የምጠቀመው ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ጎማ ጠጋኝ ጋ ሞልቷል። በምላጩ ልክ ቆርጣችሁ በአንድ ጎኑ ቁመቱን ሰንጥቁት፣ ጥርሱ ላይ አልብሱት፣ በሁለት ቦታ በክር እሰሩት። ከዘጌ ስመለስ መጋዜ እንዲህ ታስሮ እግሬ ሥር ይተኛል።